ኦሞ፣ ሃይላንድ እና የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፦ የዘመኑን ባህልና ሸማችነትን በፈጠራ ጽሑፍ ክፍል ለማስተማር

«ስለ ሸማችነት አንድ ገጽ ጻፉ» ተብለው የታዘዙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚያመጡት ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይከፈታል፦ «በአሁኑ ጊዜ ወጣቱ ትውልድ የባዕድ ባህል ሰለባ ሆኗል።» ጸሐፊው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው። ከዴስኩ ሥር ያጣጠፈው እግሩ የታወቀ የስፖርት ኩባንያ ምልክት ያለበት ጫማ አድርጓል፤ ትናንትም እስከ እኩለ ሌሊት ቲክቶክ ሲያይ አምሽቷል። ይህ ሁሉ ግን ወረቀቱ ላይ የለም። ወረቀቱ ላይ ያለው ከሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ንግግር፣ ከሬዲዮ ውይይትና ከአባት ቁጣ የተለቃቀመ ስብከት ነው።

በአራት ኪሎ አካባቢ አማርኛ ሳስተምር በቆየሁባቸው ዓመታት ይህን ስብከት በቀይ እስክሪብቶ እየሰረዝሁ ብዙ ደክሜያለሁ። ጥፋቱ የተማሪዎቹ ሳይሆን የጥያቄው መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ፍርድ የሚጠይቅ ትእዛዝ ፍርድ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ ተማሪው በሸቀጥ ላይ ከመፍረዱ አስቀድሞ ሸቀጡን መፈለጉን ይጻፍ። መፈለጉን በሐቅ የጻፈ ልጅ፣ ትችቱን ማንም ሳያዝዘው ራሱ ይደርስበታል፤ ባይደርስበትም ቢያንስ የራሱ የሆነ አንድ ገጽ ይኖረዋል።

መመሪያው ከ10ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ፣ 50 ያህል ተማሪዎች ለሚገኙባቸው ክፍሎች የታሰበ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 40 ደቂቃ የሚፈጁ ስምንት ክፍለ ጊዜዎችንና አንድ ቅዳሜ ጠዋትን ይወስዳል። ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና ደብተር ይበቃሉ። ስልክ ወደ ግቢ ማስገባት በተከለከለባቸው ትምህርት ቤቶችም የሚጎድል ነገር የለም፤ እንዲያውም ተማሪው ያየውን ቪዲዮ ከሚያሳየን ይልቅ በቃል ቢተርክልን ለጽሑፍ ይበጀዋል።

ደረጃ 1፦ ቃሉን ከተማሪዎቹ አፍ መቀበል (አንድ ክፍለ ጊዜ)

ትርጉም በማስጻፍ አይጀምሩ። ሰሌዳው ላይ «ሸማች» ብለው ብቻ ይጻፉና ቃሉ ምን እንደሚያስታውሳቸው ይጠይቁ። የአዲስ አበባ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚመልሰው አንድ ነው፦ የሸማቾች ማኅበር ሱቅ፣ የዘይትና የስኳር ወረፋ፣ በደብተር ላይ የሚመዘገብ ስም። ይህ መልስ ስሕተት መስሎ ሊታይ ቢችልም ውድ ነገር ነው። ከውጭ አገር የተጻፉ ጽሑፎች ስለ ሸማችነት ሲያወሩ መነሻቸው የተትረፈረፈ ዕቃ ነው፤ የእኛ ተማሪ ግን «ሸማች» የሚለውን ቃል ያወቀው ቢጫ ጀሪካን ይዞ ወረፋ በቆመበት ቀን ነው። እጥረትና ትርፍ በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን መኖራቸው፣ ማለትም የዘይት ወረፋው ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ላይ የስማርት ስልክ ማስታወቂያ መሰቀሉ፣ ለዚህ ከተማ ጸሐፊ ከሁሉም የሚበልጠው ጥሬ ዕቃ ነው። መልሱን ሳያርሙ ሰሌዳው ላይ ይተዉት።

«የዘመኑ ባህል» ስልም በትርጉም የሚያታክት ነገር ማለቴ አይደለም። «ሕዝባዊ ባህል» ብንለው በአማርኛ ፉከራውን፣ ተረቱንና የሠርግ ዘፈኑን ወደ ማለት ስለሚያደላ፣ እኔ ተማሪው በዚህ ሳምንት ያየውን፣ የሰማውን፣ የለበሰውንና ያወራበትን ሁሉ ለመጥራት ይህን ስም መርጫለሁ፦ ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ተከታታይ ድራማ፣ በዲኤስቲቪ ቤት በተርታ ወንበር የሚታይ የእንግሊዝ እግር ኳስ፣ የሚኒባስ ታክሲ ጥቅስ፣ የቴሌግራም ገበያ።

ከዚህ በኋላ በሰሌዳው ግራ በኩል «ኦሞ» ብለው ይጻፉ። ቀጥለውም እንዲህ ይጠይቁ፦ «እናታችሁ ‹ኦሞ ግዛ› ብላ ሱቅ ብትልካችሁና ሌላ ስም የተጻፈበት ዱቄት ሳሙና ይዛችሁ ብትመጡ፣ ትቆጣለች?» ማንም አትቆጣም፤ ምክንያቱም ኦሞ የአንድ ድርጅት ምርት ስም መሆኑ ቀርቶ የዱቄት ሳሙና ሁሉ ስም ከሆነ ቆይቷል። ተማሪዎቹ ሌሎቹን ራሳቸው ያመጧቸዋል፦ ላርጎ፣ ፓምፐርስ፣ ከሁሉም በላይ ሃይላንድ። ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውኃ ስም የነበረ ሲሆን ዛሬ ማንኛውም የፕላስቲክ የውኃ ጠርሙስ፣ ባዶውም ጭምር፣ በዚሁ ስም ይጠራል። አንዲት ልጅ ቀስ ብላ «ሞዴስ» ማለቷ አይቀርም፤ ወንዶቹም ይሥቃሉ። በሣቁ ላይ አይቆጡ፤ ይልቁንስ ባለሱቁ ይህን ዕቃ ለምን በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ እንደሚሰጥ ይጠይቁ። የንግድ ስም አንዳንድ ጊዜ የማይጠራውን ነገር መጥሪያ መሸፈኛ ሆኖ እንደሚያገለግል ክፍሉ በዚያው ይረዳል።

የመጀመሪያው የጽሑፍ ልምምድ ከዚህ ይወጣል። ተማሪዎቹ ለ10 ደቂቃ የቤታቸውን መታጠቢያ ወይም ወጥ ቤት ይግለጹ፤ አንድም የንግድ ስም፣ ከንግድ ስም የተወለደም ተራ ስም መጥራት አይፈቀድም። ችግሩ ወዲያውኑ ይታያል። «ሰማያዊ ፍሬ ፍሬ ያለበት፣ አፍንጫ የሚያሳክክ ነጭ ዱቄት» ብሎ የጻፈ ልጅ፣ ስሙ ይደብቅበት የነበረውን ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ አይቶታል ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ የፈለግሁትና ያላገኘሁት (አንድ ክፍለ ጊዜ)

በዚህ ደረጃ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ይህን ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ ስሞክር «ከቤታችሁ እጅግ የምትወዱትን ውድ ዕቃ ይዛችሁ ኑና ስለ እሱ ጻፉ» ብዬ አዝዤ ነበር። በማግሥቱ አንዱ የእጅ ሰዓት፣ ሌላዋ የውጭ ሽቶ፣ ሌላው ከዱባይ የመጣ የጆሮ ማዳመጫ ዴስኩ ላይ ደረደረ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ «ረሳሁት» አለኝ። በሚቀጥለው ቀን ቀረ፤ በሦስተኛውም ቀን ቀረ። ክፍሉን በአንድ ትእዛዝ ያላቸውና የሌላቸው ብዬ ከሁለት እንደ ከፈልሁት የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አሁን የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ «በጣም ፈልጋችሁ ያላገኛችሁት ዕቃ ምን ነበር?» በማጣት ሁሉም እኩል ነው። የባለሀብት ልጅም ያላገኘው ነገር አለው፤ ያጣ የሚመስለውም ልጅ የሚተርከው ይበዛለታል። ተማሪዎቹ ያለማቋረጥ ለ15 ደቂቃ ይጻፉ፤ እየጻፉ ሳሉ የሚከተሉትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ፣ በየሦስት ደቂቃው፣ በዝግታ ያንብቡላቸው፦ መጀመሪያ የት አያችሁት? ማን ነበረው? ለመጠየቅ ስትዘጋጁ ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ ምን ብላችሁ ለመናገር አሰባችሁ? ምን መለሱላችሁ? በምትኩ ምን ያዛችሁ?

የመጨረሻው ጥያቄ እጅግ ፍሬያማው ነው። በምትኩ የተያዘው ነገር፣ ለምሳሌ ምልክቱ በአንድ ፊደል የተዛባው ጫማ፣ ከታላቅ ወንድም የወረደው ጃኬት፣ ከሳልቫጅ ቦንዳ ውስጥ ተመርጦ ቤት ከታጠበ በኋላ ሌላ ሰው የሆነው ሹራብ፣ ከተፈለገው ዕቃ ይልቅ ብዙ ታሪክ አለው። አንድ ደንብም ይጨምሩ፦ ማንም ተማሪ መምህሩ እንዳያነብበት የፈለገውን ገጽ አጥፎ በስፒል መያዝ ይችላል። የታጠፈ ገጽ አይከፈትም፤ ነጥብም አይቀነስበትም። ይህ ቃል አንድ ጊዜ ከተጣሰ ትምህርቱ በሙሉ ወደ ስብከቱ ይመለሳል።

ደረጃ 3፦ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ (አንድ ቅዳሜ ጠዋት)

ለትምህርት ቤቱ አስተዳደርና ለወላጆች አስቀድሞ ደብዳቤ መጻፍ ግድ ነው። ተማሪዎቹን አምስት አምስት አድርገው ይመድቧቸው፤ «አንድ ለአምስት» የሚለው አደረጃጀት ለአንድ ጊዜ እንኳ ለጽሑፍ ይዋል። ጉዞው ከአራት ኪሎ ተነሥቶ በራስ መኰንን ድልድይ በኩል ወደ ፒያሳ ሲሆን፣ በመቆሚያዎቹ ጭምር ከ90 ደቂቃ አይበልጥም። ፎቶግራፍ ማንሣት የተከለከለ ይሁን። አራት ኪሎ ፓርላማውና ቤተ መንግሥቱ ያሉበት ስለሆነ ካሜራ መደገን ተማሪውንም መምህሩንም ጥያቄ ላይ ሊጥል ይችላል፤ ከዚያም በላይ ስልኩን የደገነ ልጅ ዓይኑን ያሳርፋል፤ ደብተር የያዘ ልጅ ግን ለማስታወስ ሲል አተኩሮ ማየት አለበት።

ከአምስቱ አንዱ የተጻፈ ነገር ብቻ ይሰብስብ፦ የሱቅ ስም፣ የቅናሽ ማስታወቂያ፣ የታክሲ ጥቅስ፣ በካርቶን ላይ በእጅ የተጻፈ ዋጋ። ሁለተኛው የሚሰማውን ብቻ፣ ከረዳቱ ጥሪ እስከ ሙዚቃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ። ሦስተኛዋ ሰዎች በእጃቸው የያዙትን ትመዝግብ፤ ፌስታሉ ምን ዓይነት ነው፣ የማን ስም ተጽፎበታል፣ ስሙ ወደ ውጭ ነው ወይስ ወደ ውስጥ የዞረው? አራተኛው ሽታን ይያዝ፤ የሚቆላ ቡና ለአንድ ሱቅ ከማንኛውም ሰሌዳ የበለጠ ማስታወቂያ እንደሚሆን ያን ጊዜ ያያል። አምስተኛዋ መስተዋት ፊት የቆሙ ሰዎችን ብቻ ታስተውል። ፒያሳ የወርቅ ቤቶች መንደር ነው፤ በወርቅ ቤት መስተዋት ፊት የሚቆም ሰው ስንት ሰከንድ እንደሚቆም፣ ሲሄድ ዞሮ ያይ እንደሆነ፣ ሁለት ከሆኑ ማን ማንን እንደሚጎትት ትጻፍ። ስም መጠየቅ፣ ሰውን በሚያሳፍር መንገድ መከተል፣ ድኻን እንደ ትርኢት ማየት ክልክል መሆኑን ከመነሣታችሁ በፊት በግልጽ ይናገሩ።

ፒያሳ ሲደርሱ አንድ ልዩ ሥራ ይስጧቸው። በ2016 በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የአካባቢው አሮጌ ሰፈር ሰፊ ክፍል ፈርሷል። እያንዳንዱ ቡድን ከቤተሰቡ ወይም በሥፍራው ከሚያገኛቸው አዋቂዎች ስለ አንድ ዛሬ ስለሌለ ሱቅ፣ ኬክ ቤት፣ ልብስ ሰፊ ወይም ጫማ ሠሪ ጠይቆ ይምጣ፤ ቀጥሎም ለዚያ ለሌለው ቤት በ40 ቃላት ማስታወቂያ ይጻፍ። የሚሸጥ ዕቃ የሌለው ማስታወቂያ ምን ይሸጣል? በዚህ ጥያቄ ላይ ተማሪዎች ካሰብሁት በላይ ሄደው አይቻለሁ፤ አንደኛው ቡድን «ዛሬም ክፍት ነን» ብሎ ጀምሮ ክፍሉን ጸጥ አሰኝቶታል።

የቅዳሜውን ጉዞ ትምህርት ቤቱ ባይፈቅድ፣ ተማሪዎቹ ከትምህርት ቤት ወደ ቤታቸው የሚሄዱበትን መንገድ በተመሳሳይ ክፍፍል ይመዝግቡ።

ደረጃ 4፦ የማስታወቂያ ቋንቋ ሰሙና ወርቁ (ሁለት ክፍለ ጊዜ)

ቅኔ የለመደ ቋንቋ ማስታወቂያን ለማንበብ ሌላ መሣሪያ ሩቅ መፈለግ አያሻውም። ማስታወቂያ ሁሉ ሰም አለው፤ «ይህ ስልክ ጥሩ ካሜራ አለው» ይላል። ወርቁ ሌላ ነው፦ «ይህ ስልክ ባይኖርህ በጓደኞችህ ፎቶ ውስጥ አትኖርም።» ከቅዳሜው ጉዞ የተሰበሰቡትን ጽሑፎች ሰሌዳው ላይ ደርድረው፣ ተማሪዎቹ ለእያንዳንዱ ሰምና ወርቁን ለይተው ይጻፉ። በቴሌግራም ገበያ የሚወጡትንም ከትውስታቸው ያምጡ፦ «አዲስ ገቢ»፣ «ያሉን ጥቂት ፍሬዎች ናቸው»፣ «ሜድ ኢን ቬትናም»፣ «ከነፃ ዴሊቨሪ ጋር»፣ ደግሞም «ዋጋ በኢንቦክስ»። የመጨረሻዋ ሁለት ቃል ብቻዋን አንድ ክፍለ ጊዜ ትበቃለች። ዋጋው ለምን አይጻፍም? ለማን ስንት ይባላል? «ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀና ዋጋው ሲነገረው መልስ ሳይሰጥ የጠፋ ሰው በዚያች ዝምታ ውስጥ ምን አሰበ? ተማሪዎቹ ይህን የመልእክት ልውውጥ በንግግር መልክ ይጻፉ፤ ደንቡ ከገዢው በኩል ገንዘብ የለኝም የሚል ቃል በፍጹም አለመውጣቱ ነው።

በዚህ ደረጃ አማርኛ ራሱ አንድ ስጦታ አዘጋጅቶልናል። «ገዛ» የሚለው ግሥ ዕቃ መግዛትንም አገር መግዛትንም ይሸከማል። የሸማችነት ጥያቄ በሙሉ፣ ማለትም ማን ማንን ገዛ የሚለው፣ በዚህች አንዲት ግሥ ውስጥ ተቀምጧል። ለናሙና ሰሌዳው ላይ የምጽፋት መንቶ፣ ማለትም ባለ ሁለት ስንኝ ግጥም፣ ይህች ናት፦

ስልኩን ልግዛው ብዬ ዓመቱን ቆጥቤ፣
እሱ ገዛኝ እንጂ ከነ ሙሉ ልቤ።

ይህች በየወል ቤት ምት የተጻፈች ናት፤ በየመሥመሩ ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) ያላቸው ሁለት ሐረጎች አሉ። ቀለም መቁጠሩን በጭብጨባ ያለማምዷቸው፤ ተማሪዎች ስንኝ ሲሰብሩ ጆሯቸው የሚነግራቸው በዚህ ነው። ወደ ሰንጎ መገን፣ ማለትም አምስት አምስት ቀለም ወዳለው ምት፣ ሊወስዱት የሚፈልጉም ይኖራሉ፤ ይፍቀዱላቸው። ከዚያ በ«ገዛ»፣ በ«ተሸጠ» ወይም ራሳቸው ባገኙት ሁለት ትርጉም ያለው ቃል የየራሳቸውን መንቶ ይጻፉ። ከ50 ተማሪዎች ሦስት ወይም አራት እውነተኛ ኅብረ ቃል፣ ማለትም ሰሙንም ወርቁንም በአንድነት የሚሸከም ቃል፣ ቢያገኙ ቀኑ የተሳካ ነው፤ የቀሩት ቤት መምታቱን ይማሩበታል።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እንካ ሰላንቲያን ወደ ዘመኑ ይመልሱት። ጨዋታውን ሁሉም ያውቀዋል፤ አዲስ የሚሆነው ዕቃው ነው፦

— እንካ ሰላንቲያ።
— በምንቲያ?
— በጫማ።
— ምን አለህ በጫማ?
— ኦሪጅናል ነው ያልከው ሶሉ ተገንጥሎ፣ ጧ ጧ ሲል ዋለልህ ከተማ ለከተማ።

አንድ ገደብ ያስፈልጋል፦ ስድቡ በዕቃው ላይ እንጂ በለባሹ ላይ አይደርስም። ይህን ገደብ ያላስቀመጠ መምህር በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጸብ ያስነሣል።

ጊዜ ከተረፈ የሕጉን ነገር ይንኩ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ከምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በኋላ ደግሞ ቀድሞ ቴሌቪዥኑን ሞልተውት የነበሩት የቢራ ማስታወቂያዎች ከብሮድካስት ወጥተዋል። ተማሪዎቹ የዕቃውን ስም፣ ዓይነትና ጥቅም ሳይጠሩ ማስታወቂያ እንዲጽፉ ማዘዝ ጥሩ ልምምድ ነው፤ ተከልክሎ መናገር ቋንቋን ወዴት እንደሚገፋው ይታያል።

ደረጃ 5፦ የዕቃ ሕይወት ታሪክ (አንድ ክፍለ ጊዜና የቤት ሥራ)

ማስታወቂያ ዕቃን ከመግዣው ቀን በኋላ አያውቀውም። ጸሐፊው ግን ሊከተለው ይገባል። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ዕቃ መርጦ ከተገዛበት ሰዓት እስከ መጨረሻው ይከተለው። በአዲስ አበባ የዕቃ መጨረሻ ደግሞ የቆሻሻ ገንዳ ብቻ አይደለም። በየመንደሩ ጠዋት ጠዋት «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ አለ፤ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ ሳፋ ወይም ሰሃን የሚሰጠው «ልዋጭ!» አለ፤ መርካቶ ውስጥ ደግሞ ጣሳው ኩራዝ፣ በርሜሉ ምድጃ ሆኖ ዳግም የሚወለድበት ምናለሽ ተራ አለ። የሃይላንዱ ጠርሙስ ውኃው ካለቀ በኋላ ሁለተኛ ኑሮ ይጀምራል፤ የጉልት ዘይት ወይም ጠላ ይያዝበታል፣ ከዚያ ተሰብስቦ ይሸጣል።

ከእነዚህ ሁሉ ለድርሰት የሚመቸው የልዋጩ ትዕይንት ነው፤ ሁለት ሰዎች አንድ አሮጌ ልብስ ይዘው ደጃፍ ላይ ቆመው ዋጋ ስለሚከራከሩ። ቦታውን ለማሳየት ይህን አጭር ምልልስ ያንብቡላቸው፦

«እናቴ፣ ይሄ ኮት እኮ ክርኑ አልቋል።»
«ክርኑን ተወው፣ ገበሩን እይ። የድሮ ሱፍ ነው።»
«እሺ፣ አንድ ትንሽ ሳፋ ልስጥዎት።»
«ትንሽ? ባለቤቴ የተዳረበት ኮት ነው!»
«እንግዲያው ይያዙት፣ እናቴ።»

የኮቱ ዋጋ ለሁለቱ አንድ አይደለም። ይህን ልዩነት ተማሪዎቹ በማብራሪያ ሳይሆን በንግግርና በእጅ እንቅስቃሴ ብቻ እንዲያሳዩ ያዝዟቸው። ሴትዮዋ ኮቱን ሰጠች ወይስ መልሳ አጠፈችው? ፍጻሜውን እነሱ ይጻፉ።

ደረጃ 6፦ ክርክሩ አሮጌ መሆኑን ማሳየት (አንድ ክፍለ ጊዜ)

ተማሪዎች የልብስና የፋሽን ነገር ከእነሱ ጋር የተወለደ ይመስላቸዋል፤ ሽማግሌዎቻቸውም ይህንኑ ይነግሯቸዋል። በመጋቢት 1960 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርኢት በቀረበ ጊዜ ተማሪዎች የባዕድ ባህል ማስፋፊያ ነው ብለው ተቃውሞ አስነሥተው እንደ ነበር ይንገሯቸው። ዛሬ ልጅ ልጆቻቸውን «በቲክቶክ ጠፋችሁ» የሚሉት አያቶች ያን ጊዜ የሚኒ ቀሚስና የአፍሮ ጠጉር ዘመን ወጣቶች ነበሩ። ልምምዱ ሁለት የውስጥ ንግግሮች ነው፦ አንዱ ለትርኢቱ ለብሳ የምትወጣ ወጣት፣ ሌላው ደጅ ቆሞ የሚቃወም ተማሪ። ሁለቱንም አንድ ተማሪ ይጽፋቸዋል፤ ሁለቱም እውነት ያላቸው ሆነው መውጣት አለባቸው። አንዱ ሞኝ ሆኖ ከወጣ ወረቀቱ ይመለስለታል።

በዚያ ሳምንት ደግሞ ከአያት ወይም ከጎረቤት አዋቂ ጋር አንድ ቃለ መጠይቅ ይደረግ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ «በእርስዎ ወጣትነት ሰፈሩን ሁሉ ያስቀና የነበረው ዕቃ ምን ነበር፣ ማንስ ነበረው?»

ደረጃ 7፦ ዋናው ድርሰትና እርማቱ (ሁለት ክፍለ ጊዜ)

እስከዚህ ድረስ ደብተሩ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ቁርጥራጮች ተጠራቅመዋል። ተማሪው ከነሱ አንዱን መርጦ ከ400 እስከ 600 ቃላት ያለው አጭር ልብ ወለድ፣ ወግ ወይም የተውኔት ትዕይንት ያድርገው። የማይቀር ደንብ አለ፦ «ወጣቱ ትውልድ»፣ «የባህል ወረራ»፣ «ሉላዊነት» እና «ጥገኛ አስተሳሰብ» የሚሉት አይገቡም። ተማሪዎቹ ይህን ዝርዝር ራሳቸው ያራዝሙት፤ ያስደስታቸዋል።

እርማቱ ትርጉም የሚኖረው በምሳሌ ነው። ስብከቱ ይህን ይመስላል፦ «ሰዎች በአለባበሳችን ስለሚመዝኑን ለብራንድ ልብሶች ተገዢ ሆነናል።» ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ማንንም አያሳይም። ጠያቂው መምህር ከጎኑ «መቼ? የት? ማን መዘነህ?» ብሎ ይጽፍበታል። ተመልሶ ሲመጣ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ጫማውን ከመደርደሪያው አንሥቼ ‹ስንት ነው?› አልሁት። ባለሱቁ ከመመለሱ በፊት እግሬን አየ። ከዚያ ‹እሱ ውድ ነው› አለኝ እንጂ ዋጋውን አልነገረኝም።» በሁለተኛው ውስጥ «ተገዢ» የሚል ቃል የለም፤ አንባቢው ግን ራሱ ይለዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሰሌዳው ላይ ጽፈው የትኛው ቃል ምን እንደሠራ ቢያወያዩ፣ ከማንኛውም የሰዋስው ማብራሪያ ይበልጣል።

ስለ መምህሩ ድካምም እንነጋገር። ለእያንዳንዱ ደብተር 5 ደቂቃ ቢሰጡ ለ50 ተማሪዎች 250 ደቂቃ ይሆናል፤ ይህም ለአንድ ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ረቂቅ አምስቱ የቡድን አባላት ይነባበቡትና እያንዳንዱ አንባቢ ሁለት ነገር ብቻ ይጻፍበት፦ ዓይኔ ላይ የቀረው ነገር፣ ሳይገባኝ የቀረ ነገር። «ጥሩ ነው» ማለት አይፈቀድም። መምህሩ የሚያነበው ሁለተኛውን ረቂቅ ነው።

ነጥቡ ከ20 ቢሆን፣ 8 ለተጨባጭ ዝርዝር፣ 5 ለንግግርና ለቋንቋ፣ 4 በሁለቱ ረቂቆች መካከል ለታየው ለውጥ፣ 3 ለሥርዓተ ነጥብና ለፊደል አጻጻፍ ይሰጥ። ለአቋም ነጥብ አይሰጥም። ውድ ስልኩን እንደሚወድና ሊተወው እንደማይፈልግ በሐቅ የጻፈ ልጅ፣ ሸቀጥን ካወገዘው ልጅ በታች ሊመደብ አይገባም፤ መምህሩ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ከአንድ ጊዜ በላይ ወድቄበታለሁ።

ደረጃ 8፦ ጽሑፎቹን ወደ ግቢው ማውጣት

ትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ካለው፣ የእረፍቱን ሰዓት ለሦስት ቀን ይጠይቁ፤ በየቀኑ ሁለት ጽሑፍና አንድ «የሌለ ሱቅ ማስታወቂያ» ይነበብ። ማስታወቂያው በሁለት ዘፈኖች መካከል፣ ያለ ምንም መግቢያ፣ እንደ እውነተኛ ማስታወቂያ ይግባ። የቀሩት በግድግዳ መጽሔት ላይ ይለጠፉ። ጸሐፊው ስሙ እንዲጠራ ካልፈለገ በብዕር ስም ይውጣ፤ በተለይ ስለ ቤት ችግር የተጻፈ ነገር ያለ ጸሐፊው ፈቃድ አይነበብ፤ ፈቃዱንም በጓደኞቹ ፊት ሳይሆን ብቻውን ይጠይቁት። በስፒል የታጠፉት ገጾች በደብተሩ ውስጥ እንደታጠፉ ለተማሪው ይመለሱለታል።